«1×3»፦ የመድኃኒት ከረጢቷ ያልጻፈችው ቀን

ከፋርማሲ መድኃኒት ይዞ የሚወጣ ሰው አንድ አጭር ጽሑፍም አብሮ ይዞ ይወጣል። ጽሑፏ በትንሿ የወረቀት ከረጢት ላይ፣ ካልሆነም በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ በእስክሪብቶ የተጻፈች ናት። ብዙ ጊዜ ከሦስት ምልክት አትበልጥም፦ «1×3»። አንድ አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው።

ስለ ልብ ወለድ ሂስ ይጻፋል፣ ስለ ፊልምም ይጻፋል። ስለዚህች ጽሑፍ ግን የሚጽፍ ብዙም አይታይም። የብዙ ሰው ጤና በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እንደማንኛውም ጽሑፍ ልትገመገም ይገባታል። መመዘኛችን አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ይህችን ጽሑፍ ያነበበ ሰው መድኃኒቱ መቼ እንደሚያልቅበት ማወቅ ይችላል ወይ?

ጥያቄው የልጆች ሒሳብ ይመስላል። ነገር ግን የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማለቁን ያወቀው ከረጢቷን አራግፎ ባዶ ሲያገኛት ከሆነ፣ በቃ፣ ረፍዷል። የሚጥል ሕመም መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊነሳ ይችላል። ሲነሳ ደግሞ ሰውየው ምድጃ አጠገብ ይሁን ወይም መንገድ እያቋረጠ ይሁን ማንም አያውቅም።

በመጀመሪያ ምስጋናዋ

«1×3» ጥሩ ጎን አላት። አጭር ናት፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቁጥሩን ይለያል። ረጅም ወረፋ ፊቱ የተደረደረበት ፋርማሲስትም በሁለት ሰከንድ ይጽፋታል። ሒሳቡም ውስጧ አለ፦ አንድ ሲባዛ በሦስት፣ በቀን ሦስት ፍሬ። ከረጢቷ ውስጥ 21 ካፕሱል ካለ 21ን ለ3 ማካፈል ነው፤ 7 ቀን።

ያለንን ጠቅላላ ብዛት በቀን በሚወሰደው ማካፈል፤ ይኸው ነው ሕጉ። ትክክል ነው። ችግሩ ሕጉ የሚሠራው ብዙ ያልተነገሩ ነገሮች እውነት ሆነው ሲገኙ ብቻ መሆኑ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«በ8 ሰዓት» ወይስ «በየ8 ሰዓቱ»?

አንዳንዴ ከ«1×3» ይልቅ «በየ8 ሰዓቱ» ይባላል። ቀኑን ለሦስት እኩል ከፍሎ ማለት ነው። አሁን «የ»ን እና «ኡ»ን አውጡና አንብቡት፦ «በ8 ሰዓት»። የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚቆጠር 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። በችኮላ የተነገረ፣ በችኮላ የተሰማ አንድ ፊደል «በቀን ሦስት ጊዜ»ን «በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ» አድርጎት ያርፋል።

እንግዲህ 21ዱ ካፕሱል አንቲባዮቲክ ነው እንበል። ሐኪሙ ያሰበው 7 ቀን ነው፤ ታካሚው ግን 21 ቀን ያደርሰዋል። በሽታውን የሚያስከትለው ባክቴሪያ በየቀኑ ሊደርሰው ከሚገባው መድኃኒት ሲሶው ብቻ ይደርሰዋል። ይህ ደግሞ በሽታው እንዳይድን፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል።

ከረጢቷ ላይ «ከጥር 5 እስከ ጥር 11» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር? ጥር 12 ጠዋት ሰውየው ከረጢቱን ሲያይ ገና 14 ፍሬ ይቆጥራል። «ምንድን ነው ይሄ? ማለቅ ነበረበት እኮ!» ይላል። ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል።

የዚህ ሂስ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻዋ ቀን የቀጠሮ ማስታወሻ ብቻ አይደለችም፤ የስህተት መመርመሪያም ናት። አወሳሰዱ አንድ መረጃ ነው፤ የሚያልቅበት ቀን ሌላ መረጃ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። «1×3» አንዱን ብቻ ስለምትሰጠን የምናመሳክርበት ነገር የለንም።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሜቶትሬክሴት ይታያል። መድኃኒቱ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። አንድ ሰው በሳምንት 3 ክኒን ታዞለት 12 ክኒን ቢሰጠው 4 ሳምንት ያደርሰዋል። በስህተት በየቀኑ 3 ቢወስደው በ4 ቀን ያልቃል፤ እንዲህ ያለው ስህተት በተለያዩ አገሮች ሰው ገድሏል። «የሚያልቀው ከ4 ሳምንት በኋላ ነው» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር ሁለተኛው ቀን ላይ ጥርጣሬ ትፈጥር ነበር።

መቁጠር ከየት ይጀመራል?

የ10 ቀን መድኃኒት ጥር 5 ጠዋት ተጀመረ። መቼ ያልቃል? አብዛኞቻችን 5 ላይ 10 ደምረን «ጥር 15» እንላለን። ተሳስተናል። የመጀመሪያው ቀን ራሱ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ጥር 14 ነው። ጥር 15 ሲነጋ መድኃኒት የለም። በጣታችሁ ቁጠሩት፣ ታዩታላችሁ።

ሌላም አለ። 21 ካፕሱል፣ በቀን ሦስት፣ ግን የመጀመሪያው የተወሰደው ማታ ነው እንበል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ብቻ ሄደ። በሚቀጥሉት 6 ቀናት 18 ይሄዳል። የቀሩት 2 ካፕሱሎች በ8ኛው ቀን ጠዋትና ቀን ይወሰዳሉ። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ማታ 2 ፍሬ ስለቀረ «አንድ ቦታ ዘልያለሁ ማለት ነው» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ማካፈሉ ስንት ቀን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግረንም።

የጎደለችው ማንኪያ

ክኒን ይቆጠራል። ሽሮፕስ? ለአንድ ሕፃን 5 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ታዘዘ እንበል፤ ጠርሙሱ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ነው። በቀን 15 ሚሊ ሊትር፣ በ7 ቀን 105 ሚሊ ሊትር። ጠርሙሱ 20 ማንኪያ ይዟል፤ የሚያስፈልገው 21 ነው። የመጨረሻዋ ማንኪያ ከመጀመሪያውም አልነበረችም! እናትየው ግን «ደፍቼው ይሆናል» ብላ ራሷን ትወቅሳለች።

ይህ ሁሉ መለኪያው ልክ ከሆነ ነው። የቤት ማንኪያ ግን መጠኑ ይለያያል። የእናንተ ቤት የሻይ ማንኪያ 6 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ጠርሙሱ ከ16 ማንኪያ በላይ አይሄድም፤ በ6ኛው ቀን ጠዋት ያልቃል። 4 ቢይዝ ደግሞ 25 ማንኪያ ይወጣዋል፤ ሕፃኑ በየጊዜው ከታዘዘለት ያነሰ እየወሰደ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከወጥ ቤት ማንኪያ የሚመረጠው። ሽሮፑ በታሰበለት ቀን አካባቢ ካለቀ መለኪያችሁ ልክ ነበር፤ ካልሆነ ማንኪያውን ጠርጥሩ።

ማካፈል የማይሠራበት ቦታ

አንዳንድ መድኃኒት በየቀኑ እኩል አይወሰድም። ፕሬድኒሶሎን ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ የሚቆመው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ያቆማል፣ መልሶ ለመጀመርም ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በ5 ሚሊ ግራም ክኒን የመጀመሪያዎቹን 5 ቀናት 8፣ ቀጥሎ ለ5 ቀን 6፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2፣ በመጨረሻ 1 ይሁን። በጠቅላላ 105 ክኒን፣ 25 ቀን። 105ን በ8 ያካፈለ ሰው ግን «በ13 ቀን ያልቃል» ይላል። እዚህ የሚያስፈልገው ደረጃውን እየደመሩ መሄድ ነው። «8×1» ብቻ የተጻፈባት ከረጢት ደግሞ ከዝምታ አልፋ አሳሳች ናት።

«ሲያምህ ብቻ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። 500 ሚሊ ግራም የሆነ ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን መብለጥ የለበትም። 24 ክኒን ያለው ሰው «ቢያንስ 3 ቀን» ማለት ይችላል፤ ቢበዛ ስንት ቀን እንደሚሄድ ግን ሕመሙ ነው የሚወስነው። ከ3 ቀን በፊት ካለቀ ግን አደጋ አለ።

እያለ የሚያልቅ መድኃኒት

ይህ ደግሞ የሒሳብ ተማሪን የሚያስገርም ነው። የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ በጠቅላላ 1000 ዩኒት። ጠዋት 20፣ ማታ 10 የሚወጋ ሰው በቀን 30 ዩኒት ይጠቀማል፤ 33 ቀን ያስኬደዋል። ግን ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ለ4 ሳምንት ያህል ብቻ ነው እንዲያገለግሉ የሚመከረው፤ ትክክለኛው ቀን በየዓይነቱ መግለጫ ላይ አለ። በ28ኛው ቀን ብልቃጡ ውስጥ 160 ዩኒት ይቀራል። ለዓይን ምንም አልሆነም፤ ጉልበቱ ግን አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር አለን፦ በመጠን 33፣ በዕድሜ 28። የሚገዛው ትንሹ ነው።

የዓይን ጠብታም ተመሳሳይ ነው። ፓፍ የምንለው የአስም መድኃኒት ሌላ ጣጣ አለው። የተለመደው ሳልቡታሞል 200 ጊዜ የሚነፋ ነው። በቀን 8 ጊዜ ከተነፋ 25 ቀን። ከዚያ በኋላ ግን ሲጫኑት አሁንም «ፍስስ» ይላል፤ መግፊያው ጋዝ ከመድኃኒቱ በኋላ ሊተርፍ ይችላልና። ስለዚህ መነቅነቅም ሆነ ውሃ ላይ ማንሳፈፍ መልስ አይሰጥም። ቆጣሪ የሌለው ከሆነ ያለው አማራጭ መቁጠር ነው። ትንፋሽ ባጠረ ሰዓት ባዶ ጋዝ እየነፉ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ማን አለ?

ጳጉሜን የት ገባች?

የእኛ አቆጣጠር ለመድኃኒት የተመቸ ነው። ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ በቀን አንድ ለሚወስድ ሰው 30 ክኒን ልክ አንድ ወር ነው። ከወር ወር መንሸራተት የለም። ጳጉሜን እስክትመጣ ድረስ።

ነሐሴ 1 ቀን 30 ክኒን የጀመረ ሰው ነሐሴ 30 ይጨርሳል። «በሚቀጥለው ወር ና» ከተባለና እሱ ደግሞ መስከረም ብሎ ከተረዳው 5 የጳጉሜን ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6፣ ያለ መድኃኒት ያልፋሉ። መስከረም 1 በዓል ነው። መስከረም 2 ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቢያንስ 6 ቀን አልፏል። የደም ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማይሰጥ «ደህና ነኝ» እያለ ነው የሚከርመው።

ሌላው ወጥመድ 28 ፍሬ የሚይዘው ካርቶን ነው። የተሠራው ለ4 ሳምንት ነው፤ እኛ ግን «የወር» እንለዋለን። በየወሩ 2 ቀን ይጎድላል። በዓመት 12 ካርቶን የገዛ ሰው 336 ክኒን ይኖረዋል፤ ዓመቱ 365 ቀን ነው። የ29 ቀን ጉድለት ማለት አንድ ሙሉ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ዋጋም ከቁጥር ውጭ አይደለም። ማዘዣው ላይ 30 ቢጻፍም «ለጊዜው የ10 ቀን ስጠኝ» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ከረጢቷ ግን 10ም ያዘች 30 ያው «1×3» ነው የምትለው። ይባስ ብሎ ያለውን ለማብቃቃት ሦስቱን ሁለት፣ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ አለ። መድኃኒቱ ረጅም ቀን ሄደለት፤ ሕመሙ ግን ሳይታከም ቀረ።

ተመራማሪዎቹም ይገምገሙ

ከረጢቷ የማትጽፈው ቁጥር በሌላ ቦታ ትልቅ ክብር አለው። አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲው «የስንት ቀን» የሚለውን ቁጥር ለኢንሹራንሱ ይልካል። ታካሚው ቀኑ ሳይቃረብ ከተመለሰ ክፍያው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ከዚያ ለሦስት ወር ወደ አገር ቤት የሚመጡ እናቶች መድኃኒታቸውን አስቀድመው ማስፈቀድ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች ደግሞ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን የሚለኩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፦ ከ90 ቀን ውስጥ ስንቱን ቀን የሚሸፍን መድኃኒት በእጁ ነበረ? 72 ቀን ከሆነ 80 ከመቶ። በብዙ ጥናቶች 80 ከመቶ እንደ «ጥሩ» ማለፊያ ይወሰዳል። ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛ፣ የተወሰደ ከፋርማሲ ነው እንጂ የተዋጠ መሆኑን ማንም አላየም። ሁለተኛ፣ ከ5 ቀን አንዱን የዘለለም፣ 18 ቀን በተከታታይ ያቋረጠም እኩል 80 ያገኛሉ። ሰውነት ግን እኩል አያያቸውም። ለታይሮይድ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ የአንድ ቀን መዝለል ብዙም አይሰማም። 18 ቀን ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የተሻሉ ጽሑፎች አሉ

«ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይቻልም» እንዳይባል ሁለት ምሳሌ እነሆ። ለወባ የሚሰጠው አርቲሜተር-ሉሜፋንትሪን በክብደት ተለይቶ ታሽጎ ይመጣል። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 24 ክኒን ነው፤ 4 ክኒን 6 ጊዜ፣ በ3 ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። እሽጉ ሲያልቅ ሕክምናው አለቀ፤ አንድ ፍሬ ከተረፈ አንድ ነገር ተዘሏል። 28 ፍሬ የያዘው የወሊድ መቆጣጠሪያ እሽግም ቀስት ተሥሎበታል፤ የትኛው ቀን ላይ እንዳላችሁ በዓይን ይታያል። በሁለቱም ላይ መቁጠሩን የሚሠራው ማሸጊያው ነው። በ«1×3» ግን ሥራው በሙሉ የተጣለው በታመመው ሰው ላይ ነው።

ምን ይጻፍ?

ከረጢቷ ትጣል አላልንም። ሦስት አጫጭር መስመር ይጨመርላት፦ «የተሰጠው ብዛት»፣ «የሚያልቅበት ቀን»፣ «ተመልሰው የሚመጡበት ቀን»። የመመለሻው ቀን ከማለቂያው ጥቂት ቀናት ቢቀድም ለበዓልም፣ ለጳጉሜንም፣ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ለሚጠፋበት ጊዜም መተንፈሻ ይሆናል። ፋርማሲስቱ ላይ የሚጨምረው ጊዜ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው።

እስከዚያው ይህን ሥራ እናንተ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም እናታችሁን «መድኃኒትዎን ላየው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍሬዎቹን ቁጠሩ፤ በቀን በሚወስዱት አካፍሉ፤ ነገ ጠዋትን አንድ ብላችሁ ቀኑን አግኙ። ሽሮፕ፣ ኢንሱሊን ወይም የዓይን ጠብታ ከሆነ የተከፈተበትን ቀንም ጠይቁ። ያገኛችሁትን ቀን በከረጢቷ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ቁጥሩ ካልገጠመ መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ፣ የዘለሉትንም ለማካካስ ደርበው እንዲወስዱ አታድርጉ፤ ከረጢቷን ይዛችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። «አያቴ 9 ፍሬ ተርፎባቸዋል፣ ለምን ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ ለፋርማሲስቱ ጥሩ መረጃ ይዞለት መጥቷል።